ዘቢብና ቤንዚን

ስልኬ ሲጠራ ለአንዲት እናት የሕፃን ሽሮፕ በጥብጬ ክዳኑን እያጠበቅሁ ነበር። የደወለው ወንድሜ ሙሉቀን ነው። ሙሉቀን በሥራ ሰዓት ደውሎ አያውቅም። ጠርሙሱን ለሴትዮዋ ሰጥቼ፣ በቀን ሦስት ጊዜ እንደሚወሰድ ሁለት ጊዜ ነግሬ ከሸኘኋት በኋላ አነሣሁት።

«ብርቄ፣ ቆመሻል ተቀምጠሻል?»

«ቆሜያለሁ። ምነው?»

«እስቲ ተቀመጪ።»

አልተቀመጥሁም። በአንድ እጄ የመደርደሪያውን ጠርዝ ያዝሁ።

«አባባ እህል ከቀመሱ አራት ቀናቸው። ትናንት ቄሱ መጥተው አቁርበዋቸዋል። አእምሯቸው ግን ምንም አልሆነም፤ ሰው ይለያሉ፣ ይሰማሉ። ‹ብርቄን ጥሩልኝ› ነው የሚሉት። ‹ሳልመርቃት ነው የሄደችው፤ እጄን ጭኜባት ልሂድ› ይላሉ።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው።

«ደግሞ» አለ ሙሉቀን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባዶ እጇን አትምጣ ብለዋል። ለቤተ ክርስቲያን ዘቢብ ትያዝ። ጠፍቷል እኛ ዘንድ።»

ያን ጊዜ እኔ በጂንካ ከተማ በአንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነበር የምሠራው፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። አገሬ ጃናሞራ ነው፣ ከመካነ ብርሃን ትንሽ ዝቅ ብሎ። አባቴ መርጌታ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው። ወደ ደቡብ ልሄድ ስነሣ አልወደዱትም። «ሴት ልጅ ብቻዋን እዚያ ድረስ ምን ልትሆን?» አሉ። እኔም መልስ መለስሁላቸው። መልስ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ በቤተ ክህነት ቤት ያደገ ሰው ያውቃል። ያለ ምርቃት ወጣሁ። በዓመት በዓመት በስልክ እንነጋገር ነበር፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ። መንገዱ ሲከፈት ፈቃድ አጣሁ፣ ፈቃድ ሳገኝ መንገዱ ተዘጋ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኙን ዓመት ሙሉ ሳላያቸው ቀረሁ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለሚቀጥለው ያስፈልጋችኋል። ጠንቃቃ ሴት ነኝ። ሁለት ጊዜ ሳልቆጥር የሰጠሁት ክኒን የለም። ደጋግሜ ሳልፈትሽ የተውሁት ክዳን የለም። ጥንቃቄዬን ከጸሎቴ ለይቼ አላየውም ነበር። ሰው «አንቺማ አታጠፊም» ሲለኝ «ኧረ ተዉኝ» እላለሁ እንጂ ልቤ ያምን ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጎንደር ገባሁ። አራዳ ሄጄ ዘቢቡን እየመረጥሁ ገዛሁ። የቅዳሴ ዘቢብ እንደ ሌላ ዕቃ አይደለም። ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ወይኑ የሚሆን ነው፤ ባዕድ ሽታ ሊነካው አይገባም። ልጅ ሆኜ አባቴ ከነጋዴ የመጣ ዘቢብ ሲቀበሉ አያለሁ፤ መጀመሪያ ያሸቱታል። ከሳሙና ወይም ከላምባ ጋር ተጭኖ የመጣ ከሆነ ምንም ሳይናገሩ መልሰው ያስሩታል። ነጋዴው ይገባዋል።

አውቶቡስ አልነበረም። ሙሉቀን ያገኘልኝ አያ ታከለን ነው። አያ ታከለ ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው የአባቴ ተማሪ ነበሩ፤ ዜማውን ትተው መሪ የጨበጡ። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ አንዲት ፒካፕ አለቻቸው። ጨውና ቆርቆሮ ከጎንደር ወደ ጃናሞራ ይጭኑባታል። የዚያን ቀን ግን ጭነቱን አራግፈው፣ ባዶዋን፣ ለእኔ ብቻ ይዘዋት መጡ።

«የኔታ ልጅ፣ ግቢ!» አሉኝ የጋቢናውን በር ከውስጥም ከውጭም እየታገሉ። «በሩን ስትዘጊ አትራሪለት። እንደ ጠላትሽ በይው።»

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የተነሣነው። ማኪናዋ ሁለቴ አስነጠሰችና ተነሣች። አያ ታከለ አማተቡ። «አየሽ፣ እሷም የኔታን ታውቃቸዋለች። እስከ ስድስት ሰዓት እናደርስሻለን።»

ከጎንደር እስከ ደባርቅ አንድም ጊዜ አልጠፋችም። ይህን ያዙልኝ።

ደባርቅ ላይ ቆምን፤ ከዚያ ወዲያ ቤንዚን የሚገኝበት የለም። አያ ታከለ ከአንድ ቤት በጀሪካን አምጥተው ሞሉ። የዚያች ማኪና የቤንዚን ጋን ያለው ከመቀመጫው ጀርባ ነው፤ መሙያው አፍ ደግሞ በእኔ በኩል ካለው በር ኋላ፣ ከውጭ። የእኔ መስኮት እስከ ላይ አይዘጋም። ሲሞሉ ትንሽ ፈሰሰ። እሳቸው ጀሪካኑን ሊመልሱ ሲሄዱ እኔ ጋቢና ውስጥ ዘቢቡን ታቅፌ ቀረሁ፤ ሽታው ሞላው። ነጠላዬን አሸተትሁ፤ ቤንዚን። የዘቢቡን መጠቅለያ አሸተትሁ፤ ይሁን አይሁን መለየት አቃተኝ።

አባቴ ሲያሸቱት ታየኝ። ምንም ሳይናገሩ መልሰው ሲያስሩት ታየኝ። በዘጠኝ ዓመት አንዴ ያዘዙኝን።

ወረድሁ። የፈሰሰውን በጨርቅ ጠረግሁ። ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁ። ከዚያ ከቦርሳዬ ሁለት ፌስታል አውጥቼ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ ክዳኑን አለበስሁትና፣ መድኃኒት ሳሽግ እንደማደርገው፣ በላስቲክ ዙሪያውን አሥሬ አጠበቅሁት። አፍንጫዬን አስጠግቼ ሞከርሁ። ምንም አይሸትም። ተመልሼ ገባሁ፤ «ተመስገን» አልሁ።

ለአያ ታከለ አልነገርኋቸውም። ልደብቅ ብዬ አይደለም። የሚነገር ነገር ስላልመሰለኝ ነው።

መጀመሪያ የጠፋችው የብሔራዊ ፓርኩን በር አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ነው። እየጎተተች፣ እየተንተባተበች ሄዳ ሄዳ ዝም አለች። አያ ታከለ ፍሬን ይዘው ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ይሽከረከራል፤ አይነሣም።

«ሞቋት ነው። ዳገት አትወድም፤ እንደኔ» አሉ። ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ። ጨርቅ በውኃ ነክረው የቤንዚን ፖምፓው ላይ ጠመጠሙ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየን። ደግመው ሲሞክሩ ተነሣች።

«ራስ ምታት ኖሯል!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሃያ ደቂቃ አልሄድንም። ጠፋች።

አሁን ለሞተሩ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ነቅለው በምላጭ ፋቁ። አንዱን ከሽቦው ጋር እንዳለ ብረቱ ላይ አስደግፈው እኔን ቁልፍ አስዞሩኝ። «እሳት አለ፤ ሰማያዊ ነው፣ ሸጋ እሳት ነው» አሉ ለራሳቸው። «እሳት ካለ የጎደለው ሌላ ነው።» እስኪገጥሙት ሌላ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ተነሣች። እኔ ውዳሴ ማርያም እየደገምሁ ነበር፤ ስትነሣ ጸሎቴ የደረሰ መሰለኝ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠፋ በቅሎ የሚነዱ ሁለት ሰዎች ደረሱብን። አንደኛው ያውቃቸዋል።

«አያ ታከለ! በቅሎ ልሽጥልህ?»

«ሂድ ወዲያ! ያንተ በቅሎ ቤንዚን ትጠጣለች?»

«ያንተዋስ መቼ ጠጣች!»

ሰውየው በቀልድ ነበር የተናገረው፤ አያ ታከለ ግን ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ቀረና ቤንዚኑን ለሞተሩ የሚያቀብለውን ካርቡራተር ይፈቱ ጀመር። እውነትም ውስጡ ደርቋል። ጠብታ የለበትም። «ትናንት ነው ያጠብሁት» አሉ። ከፖምፓው ላይ የቤንዚኑን ቱቦ ነቅለው በአፋቸው ሳቡ። ጉንጫቸው እስኪሰረጉድ ሳቡ። አይመጣም።

«የሚይዘው አለ። ወደ ኋላ የሚጎትተው ነገር አለ» አሉ፣ ተፍተው።

«ምን ይሆናል?»

«ቆሻሻ። የጀሪካኑ ቤንዚን ቆሻሻ ኖሮበት ይሆናል።»

ቱቦውን ወደ ጋኑ አቅጣጫ በኃይል ነፉበት። ከመቀመጫው ጀርባ ሲንቦቀቦቅ ሰማሁ። ገጠሙት፤ ማኪናዋ ወዲያው ተነሣች፤ ከእስካሁኑ ሁሉ በተሻለ ነጎደች። አያ ታከለ መሪውን በመዳፋቸው መታ አደረጉት። «ወጣለት! ቆሻሻ ነበር፤ ወጣለት!»

አንድ ሸንተረር ላይ ስንወጣ ስልኬ ጮኸ፤ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ነው። ሙሉቀን ነው። አያ ታከለ ሞተሩን ሳያጠፉ ቆሙልኝ።

«የት ናችሁ? ስድስት ሰዓት አለፈ እኮ!»

«ማኪናዋ እየጠፋች አስቸገረችን። አሁን ደኅና ሆናለች። አባባ?»

«ያው ናቸው። ቆይ፣ በጆሯቸው ላድርግልሽ።»

ትንፋሻቸውን ሰማሁ። አጭር ነው፣ ቆም ይላል፣ ይቀጥላል።

«አባባ፣ ብርቄ ነኝ። ደረስሁ። ይመርቁኝ አባባ፣ አሁኑኑ ይመርቁኝ፤ እሰማለሁ።»

እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ እያነሡ፣ «በስልክ አይሆንም። እጄን ራስሽ ላይ ሳልጭን ምን ምርቃት አለ? እቆይሻለሁ። ቀስ በሉ፤ ገደል ነው» አሉኝ።

ቀስ በሉ አሉኝ።

ከዚያ ሸንተረር ወዲህ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄድን። ጅብራዎቹ፣ እነዚያ ረጃጅም የደጋ ተክሎች፣ በየዳገቱ መታየት ጀመሩ፤ ብርዱ በማይዘጋው መስኮቴ ይገባል። የመጨረሻው ትልቅ ዳገት ላይ፣ ያን ካለፍን በኋላ ቁልቁለት ነው የቀረን፣ እንደገና መንተባተብ ጀመረች። አያ ታከለ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላሉ፤ ማኪናዋን ይሁን እኔን አላወቅሁም። ጠፋች።

ደግመው ነፉበት። ተነሣችና ከመቶ እርምጃ በኋላ ጠፋች። ቆየን። ሞከሩ። ባትሪውም ደከመ። ወደ ኋላ ቁልቁል ለቀው በማርሽ ሊያስነሧት ሞከሩ፤ መንገዱ ጠባብ ነው፤ የኋላ ጎማው የገደሉ ጫፍ ሲደርስ እኔ ጮህሁ። ድንጋይ አስደግፈው ወረዱ።

«አርባ ዓመት ነድቼያታለሁ» አሉ። «እንዲህ አድርጋኝ አታውቅም። የኔታ ፊት ምን ብዬ ልቁም?»

ኮፈኑን ተደግፈው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ፣ ምናልባት ቤንዚኑ ውኃ ገብቶበት እንደሆነ ከላይ ልየው ብለው፣ ከደባርቅ ከተነሣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በእኔ በኩል ዞረው መጡ።

ሲቆሙ ሰማሁ። እርምጃቸው ቆመ። ከዚያ ላስቲኩ ሲፈታ፣ ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ፣ ክዳኑ ሲዞር ሰማሁ። ከዚያ ጋኑ አየር ሳበ። ረጅም ትንፋሽ፤ ሰምጦ የነበረ ሰው ከውኃ ሲወጣ እንደሚስበው ያለ። ከመቀመጫዬ ጀርባ ያለው ቆርቆሮ ዶም ብሎ ወደ ቦታው ሲመለስ ወገቤ ላይ ተሰማኝ።

በሩን ከፍቼ ወረድሁ። አያ ታከለ ፌስታሎቹን ይዘው ቆመዋል።

«አንቺ ነሽ?» አሉ። ቁጣ የለበትም።

«ዘቢቡ እንዳይሸት ብዬ... አያ፣ ምን አደረግሁ?»

ክዳኑን አገላብጠው አሳዩኝ። መሐሉ ላይ መርፌ የማታስገባ ቀዳዳ አለች። «በዚህች ነው የምትተነፍሰው። ቤንዚኑ በጎደለ ቁጥር በቦታው አየር ይገባል። አየር ካልገባ ቤንዚኑን አይለቅም። ስንቆም በጎን በጎን ትንሽ እየሾለከ ይገባላታል፤ ለዚያ ነው ቆይታ የምትነሣው።» ቀጥለውም ለራሳቸው፣ «ወደ ኋላ የሚጎትተው አለ ብዬ ነበር። ብዬ ነበር እኮ» አሉ።

ክዳኑን ያለ ፌስታል መለሱት። ፌስታሎቹን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ማኪናዋን ትንሽ ወደ መንገዱ መሐል ገፍተን እንደገና ወደ ኋላ ቁልቁል ለቀቋት፤ ተነሣች። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልጠፋችም።

መንገዱን ሙሉ አለቀስሁ። አያ ታከለ የተናገሩት ቁልቁለቱን ልንጨርስ ስንል ነው።

«እታለም፣ ስሚኝ። ይህን ነገር ለማንም አታውሪ።»

«እንዴት አያ?»

«ማኪናዋ የኔ፣ ክዳኑም የኔ። መዞር ነበረብኝ፤ አልዞርሁም። አንቺ አባትሽን ይዘሽ ቁሚ። ደግሞ ዘቢብ ብለሽ ነው። የኔታ ቢሰሙ...» አልጨረሱትም።

እኔም «እሺ» አልሁ። ይህች «እሺ» ናት ይህን ሁሉ የምታስጽፈኝ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ደረስን። ከሩቅ ግቢውን ሞልቶ የቆመውን ሰው አየሁ፤ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አባቴ ስምንት ሰዓት ላይ አርፈዋል። እናቴ ኋላ እንደነገረችኝ፣ እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው «ደረሰች ወይ?» ብለው ነበር። «በር ላይ ናት» አሏቸው። እጃቸውን እንደዘረጉ ጠበቁ።

ሙሉቀን እኔን አቅፎ አልቅሶ ሲለቀኝ ወደ አያ ታከለ ዞረ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እየሰማ።

«ይቺን ቆርቆሮ ይዘህ ምነው ልጅ እጭናለሁ አልህ? አልችልም አትልም ነበር? አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ነው የሄዱት!»

ወንድሜ አያ ታከለን አንተ ሲል መጀመሪያ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አያ ታከለ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በሉኝ» አሉ።

ከሰው መሐል አንዲት ሴት፣ «እግዜር ይይልህ» ስትል ሰማሁ። ሌላው፣ «የኔታ አስተምረውት! እንጀራቸውን በልቶ!» አለ። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ቆሜ ነበር። እዚያ የነበራችሁት ሐዘን ነው ብላችሁ ተዋችሁኝ። ሐዘንም ነበረ። ግን አፌን ለመክፈት ሁለት እርምጃና አንድ ቃል ነበር የጎደለኝ፤ ሁለቱንም መቁጠር እችል ነበር፤ አልተራመድሁም።

በማግሥቱ ቀበርናቸው። ዘቢቡን ለቄሱ ሰጠሁ። አሸተቱትና፣ «ምንም የለበትም፤ ንጹሕ ነው» አሉኝ። ምነው መልሰው ባሰሩት ብዬ ተመኘሁ።

ወደ ጂንካ ተመለስሁ። ከወራት በኋላ ሙሉቀን በስልክ ሲያወራኝ በጨዋታ መሐል፣ በአያ ታከለ ማኪና የሚሳፈር እንደጠፋ፣ ነጋዴውም ጭነቱን ለሌላ እንደሚሰጥ ነገረኝ። «የኔታን ልጅ መንገድ ላይ ያስቀረ ይሉታል። እሰይ!» አለ። በዚያ ሰሞን ለቅዱስ ቁርባን እየተዘጋጀሁ ነበር። ቀረሁ። በሚቀጥለውም ቀረሁ። ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ስነግራቸው ቀኖናውን ሰጡኝና፣ «ይህ በእግዚአብሔርና በአንቺ መካከል ነው። በሰው ፊት የወደቀውን ሰው ግን እዚህ ጂንካ ሆኜ ላነሣልሽ አልችልም» አሉኝ።

ለአያ ታከለ ደወልሁ። «ልናገር ነው» አልኋቸው።

«ተይ እታለም፣ ያለፈ ነገር ነው።»

«ማኪናዋስ?»

«ደኅና ናት። ዶሮዎች ይዘውልኛል ጋቢናውን። ከነቤተሰባቸው።» ሳቁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ዛሬም ክኒን ሁለት ጊዜ እቆጥራለሁ። ክዳንም አጠብቃለሁ። ግን ከማጠብቄ በፊት የማላውቀውን እጠይቃለሁ፤ «አታጠፊም» የሚለኝን ሰውም ዝም ብዬ አላሳልፈውም። የአባቴን ምርቃት አላገኘሁም፤ ጥፋቱም የእኔ እጅ ነው። እሱን ተሸክሜ መኖር ለምጃለሁ። የማልለምደው የሌላ ሰው ትከሻ ላይ ያስቀመጥሁትን ነው። አንድ ሰው ደግ ሆኖ ስማችሁን ሊጠብቅላችሁ ራሱን ቢያቀርብ፣ ያን ጊዜ ሐዘን ላይ ናችሁና «እሺ» ማለት ቀላል ነው። እኔ ስለቀለለኝ ነው ያልሁት።

አሁን የምለምነው በዚያ ቀን በአባቴ ግቢ የቆማችሁትን ነው። ሙሉቀን ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አንተን። ይህን ለማያነቡት አንብቡላቸው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሳይበተን። ከዚያ ተሰብስባችሁ አያ ታከለ ደጅ ሂዱና በሰው ፊት የተናገራችሁትን በሰው ፊት አንሡላቸው። እኔም ለፋሲካ መጥቼ እዚያው ደጅ እቆማለሁ፤ እናንተ ግን እኔን አትጠብቁ።

ሲያዩዋችሁ ምን እንደሚሏችሁ አውቃለሁ። «ልጅቷ አዝና ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ይላሉ። አትመኗቸው።